ራስን መግዛት ስንት ያስከፍላል?

ረመዳን በሐሩሩ ወራት ሲገባ የአፋሯ ዱብቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። በዚያ ሙቀት ወፍራሙም ቀጭኑም ከንጋት እስከ መግሪብ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። ዒዱ ካለፈ በኋላ ግን ስለ ወፍራሙ የሚወራው ያው ነው፤ «ሆዱን መግዛት አቅቶት እኮ ነው!» ወሩን ሙሉ ጥሙን የቻለ ሰው ፈቃደ ደካማ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

የውፍረት ቀዶ ሕክምና ይህን ፍርድ ክፉኛ ነቅንቆታል። ብዙዎቻችን ሐኪሞቹ ጨጓራን የሚያሳንሱት ምግብ እንዳይበዛበት ብቻ ይመስለናል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ታካሚው ቀን ከሌት እየራበው ይኖር ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ረሃቡ ራሱ ይበርዳል። በአንዱ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህል ሲቆረጥ ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል አብሮ ይወጣል። ባይፓስ በሚባለው ዓይነት ደግሞ ምግብ ፈጥኖ ትንሹ አንጀት ስለሚደርስ ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ከበፊቱ እጅግ ይጨምራል፤ አንጎልን «ጠግበሃል» ይለዋል፣ ቆሽትም ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። (ዛሬ ስሙ የገነነው ኦዜምፒክ ይህንኑ ሆርሞን የሚያስመስል መርፌ ነው።) ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ብዙ ታካሚዎች ገና ሳይከሱ፣ በቀናት ውስጥ፣ ስኳራቸው ይወርዳል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ፖሪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ ያሳተመው ጥናት ርእሱ እንኳ በመገረም ይጀምራል።

ለአፋር ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የት ሰላም ጠፋ። እያንዳንዱ ግመሉን ወዴት እንደሚነዳ የሚቆርጠው በሰማው ነው። አንጀትም ለአንጎል ዳጉ ያደርሳል። «ድርቅ ነው» የተባለ አርቢ ቢሰስት ማን ይወቅሰዋል? ቀዶ ሕክምናው የሚለውጠው ወሬውን ነው፤ ሰሚው ያው የትናንቱ ሰው ነው።

ሰውነት ደግሞ ድርቅን አይረሳም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትና ድርቅ ያጎሳቆላቸው ሕፃናት ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ሲጎርፉ፣ እዚያ እስኪደርሱ ነፍሳቸውን ያቆየው አካላቸው ጉልበት መቆጠቡ ነው። ይኸው ቁጠባ ሊከሳ የሚታገለውን ወፍራም ሰው መልሶ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመረ። አብዛኞቹ ከከሱት ብዙውን መልሰውታል፤ ሰውነታቸው ግን በዕረፍት ጊዜ በቀን የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር።

«እንግዲያው ማንም አይጠየቅማ!» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ቀዶ ሕክምና ያደረገውም ሰው የሚበላውን መምረጥ፣ ቫይታሚኑን ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት፤ ክብደቱ የሚመለስበትም አለ። ምርጫ አለ፤ የምርጫው ዋጋ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ቀጭኑ ሰው ግማሽ ሳህን ትቶ ሲነሳ ምናልባት ምንም አልከፈለም፤ ጠግቦ ነው የተነሳው። እኛ ግን ጨዋነቱን እናደንቅለታለን።

ስለዚህ ስኳርና ውፍረት ይዞት የመጣን ሰው «ራስህን ግዛ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም፤ ምክርም አይባል።