በጎልማሳነት ወደ ትምህርት መመለስ ይገባልን?

ሃያ ዓመት በሕሙማን አልጋ አጠገብ የቆመች አስታማሚ፥ ይኸውም ነርስ፥ ከፍ ወዳለው የነርስነት ትምህርት ልትመለስ ብትነሣ ጎረቤትም ዘመድም ይከራከራታል። «አርባ ዓመት ካለፈሽ በኋላ ከልጆችሽ እኩዮች ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጫለሽን? ተምረሽስ ስንት ዓመት ትሠሪበታለሽ?» ይሏታል። ነገሩ ቀላል አይደለምና፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት እንመርምረው።

ዓመት የሚቈጥሩባት ሰዎች በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጥርስ ያያሉ። ይህ በገበያ ብልሃት ነው፤ ለሰው ግን አይሆንም። እርስዋ ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጅዋን አትገባምና። አራስ ሴት ደም ሲፈስሳት የልብ ትርታዋ ይፈጥናል፥ ትንፋሽዋ ይበዛል፥ ቈዳዋም ይቀዘቅዛል፤ የደም ግፊትዋ ግን ለጊዜው ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። የለመደች አስታማሚ ገና ስታያት «ይህች ሴት አላማረችኝም» ትላለች፤ ስለምን እንደ ሆነ ግን ለሐኪሙ ማስረዳት ይቸግራታል። ሰውነት ደም ሲጐድልበት የቀረውን ለልብና ለአንጎል ለማቆየት የቈዳን የደም ሥሮች እንደሚያጠብ ትምህርቱ ይነግራታል። ወጣቱ ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ ያገኘዋል፤ የአራሲቱን ፊት ግን ገና አላየም። እርግጥ ነው፥ በልጅዋ ዕድሜ ያለ መምህር ሲያርማት «እኔ ይህን ድሮ አውቃለሁ» የምትል ከሆነ ልምድዋ ራሱ ጆሮዋን ይደፍነዋል።

እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሳንደርስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. ተወለደች። ነርስ ሆና ሳለ የጀርባ ሕመም ሥራውን አስተዋት። በኋላም ሞት የቀረባቸውን ሕሙማን በማታ እየሄደች ስታገለግል፥ ማስታገሻ መድኃኒት ሕመሙ ሳይመለስ በተወሰነ ሰዓት ሲሰጥ የሚያመጣውን ዕረፍት ተመለከተች። ነገር ግን አንድ ቀዶ ጠጋኝ፥ ነርስ ሆና ብትናገር ሐኪሞች እንደማይሰሟት ነግሮ ሕክምና እንድትማር መከራት። በ1951 በሠላሳ ሦስት ዓመትዋ ጀመረች፥ በ1957 ፈጸመች፤ በ1967ም በለንደን ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን፥ ሞት ለቀረባቸው የሚሆነውን ቤት ከፈተች። ያየችው ነገር በነርስነትዋ ያየችው ነበረ፤ ትምህርቱ የሚሰማት ሰው አስገኘላት። ዓመት ለሚቈጥሩም፥ ትምህርትዋን ከፈጸመች በኋላ አርባ ስምንት ዓመት ኖራለች።

እውነቱን ለመናገር ግን በዚያን ጊዜ ባልም ልጅም አልነበራትም። ስለዚህ ምሳሌነትዋ ለእናት ሙሉ መልስ አይሆንም። ከዕድሜው ክርክር የቤቱ ክርክር ይከብዳልና። እናት ቀን በሐኪም ቤት፥ ማታ በትምህርት ቤት ስትሆን እራት የሚሠራው፥ ታናናሾቹን የሚያጥበው፥ ለታመመች አያት ውኃ የሚያቀብለው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ታላቂቱ ሴት ልጅ ናት። ማንም ሳይጠይቃት፥ እርስዋም እንቢ ለማለት ሳትደፍር፥ ደብተርዋን ዘግታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። የእናቲቱ ትምህርት በልጂቱ ትምህርት የተገዛ እንደ ሆነ ይህ ቅን ዋጋ ነው ለማለት አልችልም፤ የሚገኘው ዕውቀት የቱንም ያህል ሕሙማንን ቢጠቅም።

እንግዲህ ከመመዝገብዋ በፊት ልጂቱን አስቀምጣ ትጠይቃት፤ የምትመልሰውንም ትስማ። አባትዮውና ወንዶቹ ልጆች ወጥ መሥራት የማያውቁ ከሆነ በክረምቱ ይማሩ። ልጂቱ የመልቀቂያ ፈተና የምትቀመጥበት ዓመት ከሆነም እናትዮዋ እስከሚቀጥለው መስከረም ትቈይ።