መብት የሚቆጠረው ከየትኛው ዕለት ነው?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አበው። ይህ መናገር ለሚችል ሰው መልካም ምክር ነው። መናገር የተሳነው ሰው መብቱ ሲቀርበትስ ምን እንላለን? ጥያቄውን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ አማካይነት እንመርምረው።

በአሜሪካ አገር በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳለ ቆስሎ ወይም ታምሞ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ከመንግሥት ወርኃዊ ካሣ ይከፈለዋል። ክፍያው በመሠረቱ የሚታሰበው ጉዳቱ ከደረሰበት ዕለት ሳይሆን ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ ከገባበት ዕለት ወዲህ ነው። ከአገልግሎት በተሰናበተ በ1 ዓመት ውስጥ ካመለከተ ግን ከስንብቱ ማግስት ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል።

አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1981 ተሰናብቶ ያመለከተው በ2011 ነበር። በጊዜው እንዳያመለክት የከለከለው ያው በአገልግሎት ላይ ያገኘው የአእምሮ ሕመም ስለ ሆነ የ1 ዓመቱ ገደብ ሊራዘምለት ይገባል ሲሉ ጠበቆቹ ተከራከሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጥር 2023 ክርክሩን በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ሕግ አውጪው ከደንቡ ውጭ የሚታዩትን ሁኔታዎች ራሱ ዘርዝሮ ስላስቀመጠ ዳኞች ሌላ ሊጨምሩበት አይችሉም ተባለ።

ዳኞቹን ጨካኞች ልንላቸው አይገባም። ቁርጥ ያለ ቀን ለአድልዎ በር ይዘጋል፤ ብዙ ዘመን ባለፈ ቁጥርም ምስክርና መዝገብ ይጠፋል። ይሁን እንጂ በሕግ የሚቆጠረው ቀንና በሕሊና የሚቆጠረው ቀን አንድ አይደሉም። ማመልከቻው ዕዳውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ከዚህም በላይ፣ ገደቡ ይበልጥ የሚከብደው ጉዳቱ በጸናበት ሰው ላይ ነው። አእምሮው የተረጋጋው ቀኑን አስታውሶ ቅጹን ይሞላል፤ የታወከው ግን መታመሙን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ከ2015 ጀምሮ በዚያው አገር የማመልከት ሐሳቡን አስቀድሞ ያስታወቀ ሰው ሙሉ ማመልከቻውን በ1 ዓመት ውስጥ ካቀረበ ሐሳቡን ያስታወቀበት ዕለት ሊያዝለት ይችላል። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ይህንንም ቢሆን የሚነግረው ሰው ያሻዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። ሕግ ያልተነገረውን ሊሰማ አይችልም፤ ጎረቤት ግን ይችላል። በየቁምስናችን መብቱን ሳይጠይቅ የተቀመጠ ሕመምተኛ ቢኖር «ለምን ዘገየህ?» ከማለታችን በፊት «ማመልከቻውን አብረን እንጻፍ» እንበለው። ያለፈውን ዓመት ልንመልስለት አንችልም፤ የነገው ቀን እንዳያልፍበት ማድረግ ግን በእጃችን ነው።