የተቈለፈ ወንበር

በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የምትባል ስመ ጥር የትምህርት ከተማ አለች። በከተማይቱ መካከል፣ በገበያውና በኮሌጆቹ አጠገብ፣ በቅድስት ሥላሴ ስም የተሰየመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የቀድሞው ሕንጻ በ1174 ዓ.ም. በእሳት ስለ ተቃጠለ እንደ ገና በድንጋይ ታነጸ፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንማረው ከድንጋዩ አይደለም፤ ከተቈለፈ ወንበር ነው እንጂ።

በ1782 ዓ.ም. ቻርልስ ስምዖን የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ጐልማሳ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ተሾመ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና ወደ ኮሌጅ በገባ ጊዜ፣ ቅዱስ ቍርባን መቀበል ግዴታ መሆኑን ሰምቶ፣ እንደማይገባው ስላወቀ እጅግ ፈርቶ ነበር። በሕማማት ሳምንት ግን አይሁድ ኀጢአታቸውን በመሥዋዕቱ ራስ ላይ ይጭኑ እንደ ነበረ አነበበ፤ እርሱም ሸክሙን በክርስቶስ ላይ ጣለ፤ በትንሣኤም ቀን ሰላምን አገኘ።

የሰበካው ሰዎች ግን ሌላ ሰው ፈልገው ነበርና አልተቀበሉትም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት መቀመጫው በሣንቃ የታጠረ፣ በርና ቍልፍ ያለው ነበረ። ባለ መቀመጫዎቹ በሮቹን ቈልፈው በየቤታቸው ቀሩ፤ ቃሉን ሊሰሙ የመጡትም በመተላለፊያው ቆሙ። ስምዖን በገንዘቡ አግዳሚ ወንበር አሠርቶ ቢያስገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አውጥተው በግቢው ጣሉት። የማታ ስብከት ቢጀምር በሩን ዘጉበት። ከተማሪዎችም ብዙዎች ሊዘብቱበት ይገቡ ነበር። መቀመጫዎቹም ከዐሥር ዓመት በላይ እንደ ተቈለፉ ቈዩ።

ወንድሜ ሆይ፤ አንተ ብትሆን ምን ባደረግህ ነበር? ስምዖን በተፈጥሮው ገር ሰው አልነበረም፤ ቍጡ እንደ ነበረ ወዳጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ የጌታ ባሪያ ሊጣላ እንደማይገባው የጻፈውን (2 ጢሞ. 2፥24) ለራሱ ሕግ አደረገው። የሰሚው ቍጥር በግማሽ ቢያንስ እንኳ እግዚአብሔር በረከቱን እጥፍ ካደረገው አንዳች አልጐደለብኝም ብሎ ልቡን አጽናና። እንግዲህ ትዕግሥት የለዘብተኛ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለችም፤ ቍጡም ሰው ከጌታው እጅ ይቀበላታል።

አንድ ቀንም መዘባበቱ በከበደበት ጊዜ፣ ትንሹን አዲስ ኪዳን ይዞ ወጣ፤ የሚያጸናውንም ቃል ለመነ። መጽሐፉን ቢከፍት፣ የጌታን መስቀል ያሸከሙት የቀሬናው ሰው ታሪክ ከዓይኑ ፊት ሆነ፤ የዚያም ሰው ስም ስምዖን ነበረ። ስሙን በዚያ ባየ ጊዜ፣ መስቀሉን ከጌታው ኋላ መሸከም ውርደት ሳይሆን ክብር መሆኑን ዐውቆ ደስ ብሎት ተመለሰ።

እስቲ ፍሬውን ተመልከት። በዚያ ቤት 54 ዓመት አገለገለ። በ1799 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ረዳቱ የነበረው ሄንሪ ማርቲን ወደ ህንድ ሄዶ፣ አዲስ ኪዳንን በኡርዱና በፋርስ ቋንቋ ተረጐመ። ለእኛም ከዚህ ማኅበር በጎ ነገር ደርሶናል፤ የጐጃሙ መነኵሴ አቡ ሩሚ በግብፅ አገር በብዙ ድካም ወደ አማርኛ የተረጐመውን መጽሐፍ ቅዱስ፣ የዚህ ማኅበር መልእክተኛና የካምብሪጅ ሰው የሆነው ዊልያም ጆዌት በ1820 ዓ.ም. ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824 ዓ.ም.፣ መጽሐፉም በሙሉ በ1840 ዓ.ም. ታተመ። በመተላለፊያው ለቆሙት ብቻ የሚሰብከው ሰው፣ እግዚአብሔር ከሩቅ አገር ላሉት የሚያዘጋጀውን ሊያይ አይችልም ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ አሁን ራስህን መርምር። በእኛ አገር ሰው በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል፤ በሣንቃ የታጠረ ወንበር የለንም። ይሁን እንጂ የልብ ቍልፍ በየአገሩ አለ። የተሾመው ሰው ከወገናችን ስላልሆነ ቃሉን አንሰማም ያልን እንደ ሆነ፣ ወንበር ቈልፈናል። ድኻው ከአጠገባችን ሲቆም ልብሳችንን የሰበሰብን እንደ ሆነ፣ ወንበር ቈልፈናል። ያስቀየመንን ሰው ሰላምታ ከነሣነው፣ ቍልፉ በእጃችን ነው። በሩ የተዘጋብህም ብትሆን፣ ሌላ በር በሰው ላይ በመዝጋት አትበቀል፤ ሥራህን ሳትተው ታገሥ፤ በጊዜው ፍርዱን ለእርሱ ተው።

ስምዖን በኅዳር ወር 1836 ዓ.ም. ዐረፈ። በቀብሩ ቀን በካምብሪጅ ሱቆች ተዘጉ፤ መምህራኑም ትምህርታቸውን አቋርጠው ከሕዝቡ ጋር አለቀሱለት። ቀድሞ በጥላቻ በር የተዘጋበት ሰው፣ በመጨረሻው ከተማይቱ በሮችዋን በክብር ዘጋችለት። እኛም ቍልፉን ዛሬ እንጣል፤ ጌታ ራሱ ከደጅ ቆሞ ያንኳኳልና። አሜን።