የመምህርን ስም ስለ መጥራት

ከሌላ የተቀበለውን ዕውቀት ከራሱ እንዳፈለቀው አድርጎ የሚናገር ሰው በደለ ወይስ አልበደለም?

ጎርደን ኦልፖርት የሰውን ጠባይ በመመርመር የታወቀ አሜሪካዊ ሊቅ ነበር። በወጣትነቱ በሐምቡርግ ከተማ ከዊልያም ሽቴርን ተማረ፤ ሽቴርንም ሰው ተከፋፍሎ ሊታይ የማይገባው አንድ ሙሉ አካል መሆኑን ያስተምር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች መምህሩን አይሁዳዊ ነህ ብለው ከሹመቱ ሻሩት፤ ተሰዶም በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞተ። ኦልፖርት ግን በ1937 ዓ.ም. ስለ ሰው ጠባይ ታላቁን መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት፣ የስደተኛውን መምህር ትምህርት ስሙን ጠርቶ ለብቻው ጽፎ አሳተመ። በሁሉ ባይከተለውም ውለታውን አልካደም።

እንግዲህ ማመስገን ማለት መምህር ያለውን ሁሉ መድገም አይደለም፤ ምንጩን መመስከር ነው። ስሙን የሸሸገ ግን የሰው ገንዘብ ሰርቋል።

ይህን የምንጽፈው ንጹሓን ሆነን አይደለም። ከየኔታ የሰማነውን ትርጓሜ በዐውደ ምሕረት ተናግረን፣ ሕዝቡ ሲያመሰግነን ስማቸውን ሳንጠራ ያለፍንበት ቀን አለ። ዛሬ የኔታ በሕይወተ ሥጋ የሉም፤ ዕዳው ግን አለ። ስለዚህ፣ ወንድሞቻችን ሆይ፣ መምህራችሁ በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ጥሩ፤ ካለፉም በጸሎታችሁ አስቧቸው።