ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙም

ልጆቼ፣ “ሀብቱን አብረን አፍርተናል፤ ኑዛዜውንስ አብረን ብንፈርም ምን አለበት?” የሚል ጥያቄ ከወጣት ባለትዳሮች ደጋግሜ እሰማለሁ። መተሳሰባችሁን እወድላችኋለሁ፤ ወረቀቱ ግን አይጠቅማችሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ያደረጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። ለየብቻ ተናዘዙ።

በዚሁ ሕግ ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አለመሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ከጋራው ሀብት ግማሹ የሚስት ነው፤ የሟቹ ድርሻ ግን ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ ይሄዳል። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ዕቃ እያመጣች ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት ሱቅ በባሏ ስም ብቻ የተመዘገበ ሚስት፣ በሐዘኗ ማግሥት ደረሰኝና ምስክር ፍለጋ ትገባለች። ይህ እንዳይደርስ የሱቁንም የቤቱንም ምዝገባ ዛሬውኑ በሁለታችሁ ስም አድርጉት።

ሙስሊሞች ሆናችሁ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከፈቀዳችሁ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ነገሩን ለተከራካሪዎቹ ፈቃድ ትቶታል። በዚያ የቀብር ወጪና ዕዳ ይቀድማሉ። ያልተከፈለ መህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) ዕዳ ነውና እናንት ሴቶች ለመጠየቅ አትፈሩ። ኑዛዜ ከሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽ የተናዘዙለትም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ልጅ ካለ የሚስት ድርሻ ስምንተኛ ነው። ስለዚህ ቤቱ ለሚስቱ እንዲሆን የሚሻ ባል በጤናው ሳለ በሂባ፣ ማለትም በሕይወት እያለ በሚሰጥ ስጦታ፣ ያስረክባት።

የከብቱ ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። በሶማሌ ልማድ ለተወለደ ሕፃን እንስት ግመል ይሰጠዋል፤ እሷ የወለደችውም የእሱ ነው። አባት ሲሞት የትኛዋ የማን እንደሆነች የሚያውቀው እረኛው ብቻ ከሆነ ወንድማማቾች ይካሰሳሉ። ከነምልክቷ ጻፉት። በዱቤ የሰጣችሁትን፣ የተበደራችሁትን፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም በአደራ የላከውንም አብራችሁ ጻፉ፤ የሰው አደራ ለልጅ አይወረስም።

“ስታመም ለሽማግሌዎች እናገራለሁ” አትበሉ። በፍትሐ ብሔሩ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ አንዲት ፍየል አይገዛም።

በገዛ እጃችሁ ከጻፋችሁ ሙሉው የእጃችሁ ጽሑፍ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑንም ግለጹ፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑሩ። በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሌላ ሰው ካስጻፋችሁ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ ይህም በጽሑፉ ላይ ይስፈር፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። በከተማችን በጅግጅጋ አንዱ ሶማሊኛ፣ ሌላው አማርኛ ነው የሚቀናው፤ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የማያውቅ ጎረቤት ለምስክርነት አትጥሩ።

ሐምሌ 2010 ሊያልቅ ሲል ጅግጅጋ ውስጥ ሱቅና ቤት ሲቃጠል ያያችሁ ልጆች፣ ወረቀት በሳጥን ብቻ እንደማይጠበቅ ታውቃላችሁ። ቅጂውን ሌላ ከተማ ላለ የምታምኑት ዘመድ ስጡ፤ የት እንዳለም ለባለቤታችሁና ለታላቁ ልጃችሁ ንገሯቸው።