ለአንድ ጥያቄ ሙሉ ዜሮ



ዛሬ ከታክሲ መሪ ኋላ ብቀመጥም አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ኩረጃ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ያነበብኩት የአፕልና የሳምሰንግ ክርክር ግን አንድ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

አፕል ሳምሰንግን የከሰሰው በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ የስልኬን መልክና አሠራር ገልብጦብኛል በማለት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በዚያው ዓመት ዳኛዋ ሉሲ ኮ የሁለቱን ኩባንያዎች ታብሌቶች ከፍ አድርገው ይዘው የሳምሰንግን ጠበቆች የእናንተ የትኛው ነው ቢሏቸው፣ ጠበቃዋ ከቆሙበት ሆነው መለየት አቃታቸው። ኋላም ሳምሰንግ በ2010 የራሱን ስልክ ከአይፎን ጋር ነጥብ በነጥብ ያነጻጸረበት 132 ገጽ ሰነድ ለጁሪው ቀረበ። ጠርዙ የተድቦለቦለ ሬክታንግል የማን ንብረት ይሆናል ብለው ያፌዙ ብዙ ነበሩ፤ ጂኦሜትሪ አስተምሬያለሁና እኔም ስቄአለሁ። ሰነዱን ያየ ፈታኝ ግን አልተኮረጀም ሊል አይችልም።

የከበደኝ ቅጣቱ ነው። በኦገስት 2012 ጁሪው ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደ። ገንዘቡ በየደረጃው ሲቀናነስ ቆይቶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ያከራከረው 399 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህም ሳምሰንግ ከእነዚያ ስልኮች ያገኘው ትርፍ በሙሉ ነው፤ ለመልክ ብቻ።

ለምን ትርፉ በሙሉ? ምክንያቱ ምንጣፍ ነው። በ1880ዎቹ የምንጣፍ ንድፍ የተወሰደባቸው ፋብሪካዎች ከሰው ቢረቱም፣ ከትርፉ ስንቱ በንድፉ የተገኘ መሆኑን ማስረዳት ስላልቻሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ሳንቲም ብቻ አደረሳቸው። እንዴት ያለ ስላቅ ነው! ኮንግረሱም በ1887 ሕግ አውጥቶ፣ ንድፍ የወሰደ ሰው ከዕቃው ያገኘውን ትርፍ በሙሉ ያስረክብ አለ። ለምንጣፍ ያስኬዳል፤ ሰው ምንጣፍ የሚገዛው ባብዛኛው መልኩን አይቶ ነው። ስልክ ውስጥ ግን ባትሪው፣ አንቴናው፣ ካሜራው፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ድካም ነው።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። አሥር ጥያቄ ካለው የዓመቱ መጨረሻ ፈተና አራተኛውን ከጓደኛው ሲገለብጥ ያዝኩት። ደንቡ ሙሉ ዜሮ ነበር፤ ዜሮ ሰጠሁት፤ ልጁም ክፍል ደገመ። እናቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "መምህር፣ እባክዎ አንዷን ብቻ ይቀንሱበት" ብለው ለመኑኝ። "ደንብ ነው እማማ" አልኳቸው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። አንዷን ጥያቄ ብቻ ብሰርዝ የኮረጀ ልጅ ምን ይጎዳል? ቢያዝ ያጣው ያልሠራውን ነው፤ ባይያዝ ትርፍ። አጠገቡ ሌሊቱን ሲያጠና ላደረው ልጅስ ምን እላለሁ? ስድስት ሳንቲም ማለት ይኸው ነው። ከ100 የሚበልጡ ንድፍ ሠሪዎች በ2016 ከአፕል ጎን ቆመው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲጽፉ የፈሩት ይህንኑ ይመስለኛል። ሆኖም ቅጣቱ ከጥፋቱ አልፎ የጥፋተኛውን የራሱን ላብ ሲወስድ፣ ካሣ ተቀባዩም ያልደከመበትን እየወሰደ ነው። ይኸስ ኩረጃ አይደለምን?

በዲሴምበር 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ትርፉ የሚታሰበው ከስልኩ ሁሉ ሳይሆን ከአንድ ክፍሉ ብቻ ሊሆን ይችላል አለ። ክፍሉ እንዴት እንደሚለይ ግን አላስቀመጠም። በ2018 ሌላ ጁሪ 539 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ በወሩ ሁለቱ ታረቁ። "ትርፉ በሙሉ" የሚለው ቃል ዛሬም ከሕጉ አልወጣም። እኔ ይሻሻል ከሚሉት ጋር ነኝ። የኮረጀ አይቀጣ ማለቴ አይደለም፤ አራሚው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያንብብ ማለቴ ነው።

እኔ አላነበብኩም። የልጁን ዘጠኝ ጥያቄዎች ሳላርም ነው ወረቀቱ ላይ በቀይ ዜሮ የጻፍኩት።