«ደክሞት ነው» ማለት ይብቃ

በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና የሌሊቱ ፈረቃ ወጥቶ የጠዋቱ ሲገባ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው በአማርኛ ይሞላል። ጽዳት ላይ ያደሩት፣ ጥበቃ ላይ ያነጉት፣ ማሸጊያ ላይ የቆሙት ሁሉ እዚያ ይገናኛሉ። በዚህ ሰሞን ዕድሜው ከ50 ያለፈ አንድ ሰው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሞ ነበር። ሁለት ሴት የሥራ ባልደረቦቹ ስለ እሱ ይነጋገራሉ። ምሳውን መብላት ካቆመ ሰነበተ፤ ሚስቱ የቋጠረችለት እንጀራ ከነፕላስቲክ ዕቃው ሳይከፈት ይመለሳል። በሰንበት ጸሎት ቤት አይታይም። ስልክ አያነሣም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ከእንግዲህ እኔ ለማን እጠቅማለሁ?» ብሏል። ሴቶቹ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከቆጠሩ በኋላ አንደኛዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያወጣች «ደክሞት ነው፤ ያልፍለታል» አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈሩ። ሰውየውን ያነጋገረው የለም።

ማየቱስ ታይቷል። ከምግብ መራቅ፣ ከሰው መሸሽ፣ የሚወዱትን መተው፣ ተስፋ የቆረጠ ንግግር፤ የአእምሮ ሐኪምም በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣው ይህ ወገን ማን ከለቅሶ እንደቀረ፣ የማን ፊት እንደጠቆረ፣ የማን ልጅ ከክፍሉ መውጣት እንዳቆመ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ያውቅና «ደክሞት ነው» ይላል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፤ አሁንም ደክሞት ነው። ክፉ ነገር ከደረሰ በኋላ ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እኔማ ድሮም አይቼ ነበር» የሚለው ሰው ብዛቱ! አይቶ ከነበረ ለምን ዝም አለ? ለቅሶ ላይ ይህን የሚጠይቅ ስለሌለ እዚህ ይጠየቅ።

ድካምና ሕመም ይለያያሉ። የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል፤ የዕረፍት ቀኑን ይናፍቃል፤ ልጁ ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ተኝቶም አያርፍም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ ስሜቱ የወደቀ ወይም ደስ ያሰኘው የነበረ ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው መታየት አለበት። ከዚህ ጋር እንቅልፍ ይዛባል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ጣራ ላይ ያፈጣል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አይወርድም። ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ራሱን ይወቅሳል። ገላውን መታጠብ፣ ልብሱን መቀየር ይተዋል። ታጋሹ ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ በበዓል ብቻ ይጠጣ የነበረው በየማታው ይጠጣል።

ከኢትዮጵያ በመጡት እናቶችና አባቶች ዘንድ ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚወጣው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ልቤን ይወጋኛል ይላሉ። ደም ተመርምሮ፣ ራጅ ተነሥቶ ምንም ካልተገኘ ቤተሰቡ «ምንም የለባትም» ብሎ ይደመድማል። የለባትም? እንቅልፍ ካጣች ወር የሞላት፣ ቡናዋን ብቻዋን የምትጠጣ፣ የልጅ ልጇ ሲመጣ እንኳ ፊቷን የማትፈታ እናት ምንም የለባትም?

ቀጠናው የሌሊት ቀጠና መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2008 የከፈተውን ፋብ 28ን የመሰለ የቺፕ ፋብሪካ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም፤ በዙሪያው ያለው ጽዳትና ጥበቃም አብሮ ያድራል። በፈረቃ የሚሠራ ሰው የሰውነቱ ሰዓት ይዛባል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የድባቴ ምልክት ብቻ ሳይሆን ድባቴን የሚያመጣም ነው። እዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው የደከመ ስለሆነ የታመመው ከደከመው መካከል በቀላሉ ይሰወራል። ስለዚህ ሌላው ቦታ ሁለት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው እዚህ አራት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አንድ ጊዜም አይጠየቅም!

ወጣቶቹስ? እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለው ከባድ የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ነው። በእስራኤል ይህ ዕድሜ ልጁ ዩኒፎርም የሚለብስበትና የሚያወልቅበት ነው። ከውትድርና ተመልሶ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል፣ መጋረጃ የማይገልጥ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል፣ ማንም በሌለበት ለድምፅ መልስ የሚሰጥ ልጅ ዕረፍት ላይ ነው ተብሎ አይታለፍም። ወላጅ ግን ያልፈዋል። «ሠራዊቱ አድክሞት ነው» ይላል። አሁንም ድካም!

እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2019 በባት ያም የሆነውን የማያስታውስ የለም። የ24 ዓመቱ ይሁዳ ቢያድጋ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ወጣት ነበር። ቢላዋ ይዞ ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ እርዳታ ፍለጋ ፖሊስ ጠራ፤ የደረሰው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። በወሩ መጨረሻ ሺዎች ቴል አቪቭ ወጥተው ጮኹ። ጩኸቱ ተገቢ ነበር፤ ለታመመ ልጅ የሚላከው ሐኪም እንጂ ጥይት መሆን የለበትም። ነገር ግን ያን ቀን አደባባይ የወጣው ሁሉ በማግሥቱ በራሱ ሕንጻ፣ በራሱ ደረጃ ላይ ያለውን የታመመ ልጅ በር አንኳኩቶ ነበር? ለሰልፍ የሚበቃ ጉልበት ያለው ሕዝብ ለአንድ በር ማንኳኳት ጉልበት ሊያጣ አይገባም።

ከቂርያት ጋት ብዙም በማይርቀው አሽቀሎን ያደገው አቬራ መንግሥቱም አለ። ቤተሰቡ እንደተናገረው የሚወደው ታላቅ ወንድሙ ከሞተ በኋላ ነው ጤናው የተናጋው። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባ። ሕዝቡ ነገሩን የሰማው ከ10 ወር በኋላ ነው። እስከ የካቲት 22 ቀን 2025 ድረስ፣ ከ10 ዓመት በላይ፣ በምርኮ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ «ልጃችን ታሟል» ብሎ በአደባባይ፣ በዓለም ፊት ተናገረ። አላፈረበትም። ልጃቸው በጠላት እጅ ወድቆ እንኳ ሕመሙን በስሙ የጠሩ እናትና አባት ካሉ፣ ሌላው ቤተሰብ ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ የልጁን መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚደብቅበት ምክንያት የለም።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በእግር ሱዳን የገቡት ወላጆች በመንገድና በመጠለያ ካምፕ የቀበሩትን ቀብረው፣ እንባቸውን ውጠው ነው የመጡት። ወደ 4,000 ገደማ የሚሆኑ ወገኖች በዚያ ጉዞ አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም የሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይዘከራሉ። በዚያ በረሃ ለቅሶ መቀመጥ አልተቻለም፤ መቆም ሞት ነበርና። ያ ዝምታ ያኔ ነፍስ አድኗል። ዛሬ ግን በረሃው የለም፤ ኩፓት ሖሊም የሚባለው የጤና መድን አለ። እናት ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ የያዘችው ሐዘን በ60 ዓመቷ ሲያቃጥላት «ድሮም ጠንካራ ናት» ብሎ ማለፍ ውለታዋን መርሳት ነው። ሽማግሌውን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሕዝብ፣ አብሮት አውቶቡስ የሚጠብቀውን ወንድሙን «ምን ሆነሃል?» ማለት እንዴት ይከብደዋል?

በኢትዮጵያም ታሪኩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም መሳደቢያ ሆኖ ስለኖረ፣ ስንቱ ታማሚ ለዓመታት እቤት ተደብቋል። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ሕሙማኑ ከሌላው ሰው 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ ሞት ደግሞ በተላላፊ በሽታ፣ ማለትም ሊታከም በሚችል ነገር ነው። እንግዲህ «ያልፍለታል» የሚባለው ይህ ነው። አላለፈለትም፤ ዕድሜው አለፈ።

ጸሎትን የሚነካ የለም። ቄሱ ይጸልዩ፤ ሽማግሌው ይመርቁ፤ በሲግድ ቀን ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ይማለድ። ግን ቄሱ ጸልየው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ይበሉ። የእሳቸው አንድ ቃል ከመቶ ወረቀት ይበልጣል። ኦሪት የባልንጀራ ደም ሲፈስ ቆሞ ማየትን ትከለክላለች፤ ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንኳ ይሻራል። ሰንበት የሚሻርለት ነገር «ሰው ምን ይለኛል» ተብሎ ሊቀር ነው?

መንግሥትም ያለ ጥፋት አይደለም፤ እሱም ድርሻውን ይውሰድ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሖሊሞች ኃላፊነት ውስጥ ገብቷል። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለታካሚው ምቹ እንዲሆኑ አዟል። ታዲያ ዛሬም በየክሊኒኩ በእናቱና በሐኪሙ መካከል ተቀምጦ የሚያስተረጉመው የ11 ዓመት ልጅ ለምንድን ነው? «መኖር አስጠልቶኛል» የምትል እናት ይህን በልጇ አፍ ልትናገር ትችላለች? አትችልም። «ራሴን ነው የሚያመኝ» ትልና የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትመለሳለች። ልጁ ደግሞ ያልተነገረውን ተረድቶ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ደብተሩ ላይ ያፈጣል። ይህ ነውር ነው! አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ታካሚው አፉን ሞልቶ ይጠይቅ፤ ልጁን ወደ ክፍሉ ይላክ፤ ሐኪሙም ሕፃን አስተርጓሚ አልቀበልም ይበል።

አሠሪውም ይስማ። ሠራተኛ በሰው ኃይል አቅራቢ ድርጅት በኩል ስለመጣ ሰው መሆኑ አይቀርም። አርፍዶ የማያውቅ ሰው በወር አምስት ቀን ሲያረፍድ፣ ጠንቃቃው ሰው ማሽን ላይ ሲፈዝ፣ ደመወዝ ከመቁረጥ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል።

ጥያቄውም ከባድ አይደለም። ሰውየውን ለብቻው፣ ቡና ይዞ፣ «ከሰሞኑ እንደ ድሮህ አይደለህም፤ ምን ሆነሃል?» ማለት ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ በማግሥቱ ደግሞ መጠየቅ ነው። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል፣ ንብረቱን ለሰው የሚያድል፣ ሳይታሰብ የሚሰናበት፣ ከረጅም ጭንቀት በኋላ በድንገት የሚረጋጋ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሞትን እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚለው ፍርሃት ሐሰት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ደጋግሞ ይናገራል። ብዙዎች እንደሚመሰክሩት መጠየቅ ያሳርፋል። ከዚያም ብቻውን አይተው፤ አንድ ሰው አብሮት ይሁን፤ ክኒንም ሆነ ስለት ያለው ነገር ከአጠገቡ ይራቅ። ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ራስን የማጥፋት መጠን ከአገሩ አማካይ ከፍ ያለ እንደሆነ የጤና ሚኒስቴር ዘገባዎች ካሳወቁ ቆይቷል፤ ስለዚህ ይህ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም።

ያ ሰው ነገም ፌርማታው ላይ ይቆማል። በየፌርማታው፣ በየፎቁ፣ በየጸሎት ቤቱ እሱን የሚመስል አለ። የሚያውቀው ሰው ዛሬ ማታ በሩን ያንኳኳ፤ ነገ ጠዋት አብሮት ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ይሂድ፤ ቀጠሮ እስኪወጣ ድረስ ከጠረጴዛው አይነሣ። ለተጨነቀ ሰው የስልክ እርዳታ የሚሰጠው የኤራን መስመር 1201 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሣዋል። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ የአምቡላንሱ ቁጥር 101 ነው።